ሙሉ ነው የተባለው ጉድጓድ

አንድ የጉድጓድ ሹም ነበረ።

ቆይ ደርበው፣ ጥያቄህን ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ገና አላረጀም። «እትዬ የዝና፣ ቀበሌው እህል የደበቀ ነጋዴ ጠቁሙ፣ ጠቋሚውም ከተያዘው ላይ ድርሻ አለው ብሏል። ጎረቤቴ ነጋዴው ጓዳው ውስጥ ጤፍ አከማችቷል። ልጠቁመው ወይስ ዝም ልበል?» ነው ያልከኝ። አዎ ወይም አይ ብዬ ብሸኝህ ደስ ባለህ። ከእናትህ ጋር ሠላሳ ዓመት ጎረቤት ሆኜ አንድም ቀን እንዲህ አጭር መልስ ሰጥቻት አላውቅም፤ ለአንተም አልጀምርም። ተቀመጥና ስማኝ። ስልክህንም ኪስህ ክተተው።

እንግዲህ አንድ የጉድጓድ ሹም ነበረ። አገሩ ቆላ ቀመስ ነው፤ የሚዘሩት ማሽላ ነው። እህላቸውንም የሚያስቀምጡት በጎተራ ሳይሆን ከመሬት በታች ነው። ደረቅ መሬት ይመርጡና አፉን ጠበብ፣ ሆዱን ሰፋ አድርገው ይቆፍራሉ፤ ውስጡን በእበት ለቅልቀው ገለባ ያለብሱታል፤ ማሽላውን ገልብጠው አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ይገጥሙና በጭቃ ይመርጉታል። እንዲህ ሆኖ ሁለት ሦስት ዓመት ይከርማል። ሁሉም ሰው በየደጁ የራሱ ትንሽ ጉድጓድ አለው። ከዚያ ሌላ በመንደሩ መካከል፣ ሸንጎ በሚቀመጡበት ሜዳ ላይ፣ አንድ ትልቅ የጋራ ጉድጓድ ነበራቸው። የክፉ ቀን ጉድጓድ ይሉታል። በየመኸሩ ከየቤቱ አንዳንድ ቁና ማሽላ ይገባበታል፤ ዝናብ ያስቀረ ዓመት ሲመጣ ይከፈትና ለሁሉም እንደ ቤተሰቡ ይታደላል። የዚህ ጉድጓድ ጠባቂ ነው እንግዲህ ሰውየው።

የመኸሩን ቁና ሹሙ ራሱ ተቀብሎ ከሚያስገባበት ቀን በቀር፣ ክፉ ቀን ሳይመጣ ጉድጓዱን መክፈት ነውር ነበር። ነውሩ ደግሞ ምክንያት አለው። ያለ ጊዜው ከተከፈተ እርጥበት ገብቶ እህሉ ይሻግታል፤ ታፍኖ የከረመው አየርም ተቻኩሎ የገባውን ሰው ይገድላል፤ ከዚያ በፊት ሁለት ሰው ገድሏል። ስለዚህ ሕዝቡ «ጉድጓዳችን እንዴት ነው?» ይላል፤ ሹሙ «ሙሉ ነው» ይላል፤ «ተመስገን» ብለው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼው ነው።

ሰውየው መጀመሪያ ሌባ አልነበረም፤ ሐሰት አልናገርም። ከሌባ የባሰ ነበር፤ መመስገን የሚወድ ነበር። ከሩቅ አገር የሚመጡ ሹማምንት አገሩን አይተው «አቤት! ምን ያለ አገር ነው!» እንዲሉለት ይፈልጋል። ስለዚህ በሜዳው ጫፍ ላይ አንድ ትልቅ አዳራሽ አሠራ፤ በዚያ አገር ታይቶ የማይታወቅ የቆርቆሮ ክዳን ደፋበት። ቆርቆሮውን ካመጡለት ሰዎች ጋር የተለዋወጠው በምን ይመስልሃል? ሌት ሌት ከጉድጓዱ ባስወጣው ማሽላ ነዋ! «ለመጪው መኸር እተካዋለሁ» አለ በሆዱ። ለአዳራሹ የሚሆነውን ግንድ ከጫካ የሚጎትት ጠፋ፤ የመንደሩን በሬ ሁሉ አዘዘ። መቼ? በእርሻ ወቅት! ገበሬው «ጌታዬ፣ መሬቱ ጦም ሊያድር ነው» ቢለው «አንተ የምታየው እርሻህን ብቻ ነው፤ እኔ የማየው አገሩን ነው» አለው። በሬ የሌለው ገበሬ መሬቱን በግማሽ አርሶ ዘራ፤ በግማሽ አጨደ። መተካት የነበረበት መኸር ራሱ ሳይሞላ ቀረ።

ያኔ ቢናገር ኖሮ ይምሩት ነበር። እሱ ግን በሚቀጥለው ዓመት ከየቤቱ የሚመጣውን አንድ ቁና ሁለት አደረገው። እሱንም ለአዳራሹ ግብዣ አዋለው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለ? ዘመዶቹም ይህን ተረት በቃላቸው ያውቁት ነበር፤ እነሱም ከጉድጓዱ ድርሻቸውን ወሰዱ። ከዚያ በጉድጓዱ ዙሪያ የእሾህ አጥር አስጠረበትና አንድ ዘበኛ አቆመ። «ከብት እየረገጠ ምርጊቱን እንዳይሰነጥቀው ነው» አለ። ሰዎቹም «እውነቱን ነው፣ ከብት መርገጡ አይቀርም» አሉ። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ያላጠሩትን ጉድጓድ ዛሬ ማጠር ለምን አስፈለገ ብሎ የጠየቀ የለም።

ገበያው ግን ጠየቀ። ገበያ አይፈራም። ማሽላ በዚህ ሳምንት ተወደደ፣ በሚቀጥለውም ተወደደ፣ ከዚያማ መቆሚያ አጣ። በቁና ይገዙ የነበሩ ሴቶች በጣሳ ይገዙ ጀመር፤ በጣሳ የሚገዙት በእፍኝ። ጠላ ሻጯ ጋኗን ደፋችው። ለእንግዳ ቆሎ ማቅረብ ቀረ፤ እንግዳ ራሱ ቀረ። ቅጠል ቀቅለው ጨው ጣል እያደረጉ የሚያድሩ ቤቶች በዙ። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሄዱና «ሹማችን፣ ከዚህ የባሰ ክፉ ቀን ምን ይመጣል? ጉድጓዱ ይከፈትልን» አሉት።

እሱም እንዲህ አለ። «ክፉ ቀንማ አልመጣም፤ ዝናቡ ዘንቧል። እህል ሞልቷል። የጠፋው ደባቂ ስላለ ነው።»

በማግስቱ ነጋሪት ተጎሰመ። የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እህል የደበቀ ጎረቤቱን ጠቁሞ ያስያዘ፣ ከተያዘው ሩቡ የእሱ ነው፤ ሦስቱ እጅ ወደ ጋራው ጉድጓድ ይገባል ተባለ።

እዚህ ላይ ልብ በልልኝ ደርበው። ያን ቀን ጠዋት ሰው ሁሉ ፊቱ ወደ አዳራሹ ነበር፤ «ምን ሊለን ነው?» እያለ። ከሰዓት በኋላ ፊቱን ወደ ጎረቤቱ አዞረ።

በዚያ አገር ክብሪት የለም። ምድጃዋ የጠፋባት ሴት ገል ትይዝና ጎረቤት ገብታ እሳት ጭራ ትመለሳለች። ከጠላትህም ቤት ቢሆን እሳት አትከለከልም። ከአዋጁ በኋላ ግን እሳት ልጫር ብላ የገባችው ሁሉ ዓይኗ ከምድጃው ላይ ተነሥቶ ድስቱ ላይ ሆነ። ክዳኑ ሞቋል? እንፋሎቱ የምን ይሸታል? ባለቤቲቱም ይህን ስታውቅ ድስቷን ከጀርባዋ ማድረግ ጀመረች፤ ቀጥላ በሯን ቀረቀረች። እናቶች ልጆቻቸውን ደጅ ሳያወጡ አፋቸውን ይጠርጉ ጀመር። አንድ ሽማግሌ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ቢያገሳ ሳምንቱን ሙሉ ሲታማ ሰነበተ፤ ምስኪን፣ የጠጣው ውሃ ነበር። የጎረቤት ሌባ፣ ቢያዩት ይስቅ ባያዩት ይሰርቅ እያሉ ይተራረቱ ነበር። አይ ሰው!

መጀመሪያ የተጠቆሙት ሀብታሞቹ ናቸው፤ ሰው ሁሉ «እሰይ!» አለ። ቀጥሎ ተራው ሻጩ ሁሉ ተጠቆመ፤ ሰው «ሳይሆን አይቀርም» አለ። ቀጥሎ ድሆች ድሆችን ጠቆሙ፤ ሰው ምንም አላለም። የተያዘው እህል ሁሉ ጉድጓዱ እስኪከፈት እየተባለ ወደ አዳራሹ ይገባል። የወጣ ግን የለም። ገበያውም አልረከሰም፤ እንዲያውም በግልጽ የሚሸጥ ሰው ስለጠፋ የባሰውን ናረ።

በመንደሩ ዳር አንድ ገበሬ ነበረ። ይህ ገበሬ ከመደቡ ሥር አንድ ስልቻ ማሽላ ቀብሯል። የሚበላ እንዳይመስልህ፤ ዘር ነው። ለዘር የተለየን እህል ልጅ ቢያለቅስም አይነኩትም። ሚስቱ ከዚያው መደብ ላይ ተኝታ በረሃብ ስትገላበጥ ታድር ነበር እንጂ አልነካችውም። ሊዘንብ ሦስት ሳምንት ቀርቷል፤ የሌሎቹ ዘር ወይ ተበልቷል ወይ ተወርሷል። ያ ስልቻ ከተነካ የሚቀጥለው ዓመት የለም።

ታዲያ አንድ ማለዳ አበልጁ መጣ፤ ወንድ ልጁን ክርስትና ያነሣለት ጎረቤቱ። ገል ይዟል። «እሳት ልጫር ብዬ ነው» አለ። ወንድ እሳት ሊጭር ሲወጣ አይተህ ታውቃለህ? ገበሬው ነገሩ አላማረውም፤ ግን አበልጅ ነውና አስገባው። አበልጁም ፍሙን እየጫረ ዓይኑን አሳረፈና መደቡ በአዲስ እበት መለቅለቁን አየ። በዓል የለ፣ ሠርግ የለ፤ በዚያ በጭንቅ ዘመን መደብ የሚለቀልቅ ማን ነው? ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ልንገርህ። ልጆቹ ከበሉ ሁለት ቀናቸው ነበር። ቤቱ ተመልሶ ፍሙን ለሚስቱ አቀበላትና ሳይቀመጥ ወደ አዳራሹ ሄደ።

ዘበኞች መጡ፣ መደቡን አፈረሱት፣ ስልቻውን አወጡት። ገበሬውን ከነስልቻው ወደ ሜዳው ነዱት፤ ሕዝቡም ተከትሎ ወጣ።

«ጌታዬ፣ ይኼ እኮ ዘር ነው» አለ ገበሬው።

«ዘርም እህል ነው» አለ ሹሙ።

ሩቡ ተሰፍሮ ለአበልጁ ተሰጠው። ገበሬው ወደ አበልጁ ዞሮ «ግማሹ የአንተ ነበር» አለው። «ዘርህን እንደጨረስክ አውቄ ነበር። ሊዘንብ ሲል ላካፍልህ ነበር ያስቀመጥኩት።» አበልጁ ያቺን ሩብ ታቅፎ ቀረ፤ ሊመልሳት እጁ አልዘረጋ፣ ይዟት ሊሄድ እግሩ አልንቀሳቀስ አለው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይኼ ነው።

ከዚያ ገበሬው ወደ ሹሙ ዞረ። «ሦስቱ እጅ ወደ ጋራው ጉድጓድ ይገባል ብለሃል አይደል? እንግዲያውስ እኔው ልሸከመው፤ ዘሬ ነው፣ በገዛ እጄ ላስገባው» አለ። «አያስፈልግም፣ አዳራሹ ውስጥ ይቀመጣል» ቢለው አልሰማውም። ስልቻውን ትከሻው ላይ ጣለና ዘበኛውን ገፍቶት የእሾህ አጥሩን ዘለቀ። ጉድጓዱ መካከል ሲደርስ ቆመ፤ ስልቻውን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አነሣና ባለ በሌለ ኃይሉ መሬቱ ላይ ፈጠፈጠው።

ድው! አለ መሬቱ። ከሥሩ ደግሞ ሌላ ድው ተከተለ።

በዚያ አገር ያለ ሰው ሁሉ ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ሙሉ ጉድጓድ ቢመቱት አይናገርም፤ ባዶው ነው የሚያስተጋባው። እያንዳንዱ ሰው ማለዳ ሲወጣ ደጁ ላይ ያለውን ጉድጓድ በተረከዙ መትቶ ስንት እንደቀረው ያውቅ ነበር እኮ! ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቁታል። ያን ትልቁን ጉድጓድ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ በእግሩ የመታው ሰው አልነበረም። የሰው ድስት ሲገልጡ፣ የሰው አፍ ሲያሸቱ ሰነበቱ እንጂ!

«የመሬቱ ተፈጥሮ ነው» አለ ሹሙ። አንዲት ባልቴት አጥሩን በምርኩዟ ጎትታ ገባችና በተረከዟ መታችው፤ ድው። ሌላው ገባና መታው። ያን ጊዜ ማንም ማንንም ሳያዝዝ ምርጊቱን ፈነቀሉት፣ ድንጋዩን አነሡት፣ አየሩ እስኪወጣ ጠበቁና በገመድ ሰው አወረዱ። «ገለባ ነው» አለ ከታች። «ሌላስ?» አሉት። «ሌላም ገለባ ነው።»

«ምስጥ በልቶት ነው!» አለ ሹሙ። ባልቴቲቱም ቀና ብላ ወደ አዳራሹ ተመለከተችና «እንዲህ ቆርቆሮ የሚያለብስ ምስጥ ከየት መጣ?» አለችው። ሳቁ፤ ደርበው፣ በረሃብ አንጀታቸው ተጣብቆ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን አለቀሱ፤ ምክንያቱም ስንት ቤት እንዳፈረሱ ያኔ ነው ትዝ ያላቸው።

ሹሙን ሻሩት። ይኼ ቀላሉ ነው። አዲሱ ሹም መጀመሪያ የጠየቃቸው ነገር አጥሩ እንዳይነሣ ነበር፤ «ከብት እንዳይረግጠው» አለ፣ እሱም! ማገዶ አደረጉት አጥሩን። ዳኛም ሆነ እረኛ በዚያ ሜዳ ሲያልፍ ጉድጓዱን በተረከዙ ሳይመታ እንዳያልፍ ደነገጉ። የገበሬው ሦስት እጅ ዘር ተመለሰለት፤ ሩቡ ግን በዚያው ማታ አበልጁ ቤት ገንፎ ሆኖ ነበር። የሁለቱም መሬት ሊዘራበት ይችል የነበረው ዘር ለሁለቱም ሳይበቃ ቀረ። አበልጁ በአረም ጊዜ ሳይጠራ መጥቶ ከገበሬው ማሳ ገባ፤ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ አረመ። ገበሬው ውሃ ሰጠው። «አበልጄ» ብሎ ግን ዳግመኛ አልጠራውም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ።

ያ ጉድጓድ እኔም አንተም ዕድሜያችንን ሙሉ በግብር ስንጨምርበት የኖርነው የአገር ጎተራ ነው። ሙሉ ነው ይሉናል። አድጓል፣ ተርፏል ይሉናል። እኔ ግን ጤፍ ልገዛ ወጥቼ ሽሮ ይዤ የምመለስ አሮጊት ነኝ፤ በሬዲዮ የሚወራው እህል እኔ ድስት ውስጥ ሲገባ አላየሁም። ዘንድሮ ማዳበሪያው ለገበሬው የደረሰው አዝመራው ካለፈ በኋላ አይደለም እንዴ? በከተማው መግቢያ ያ የእብነ በረድ በር ሲቆም ከየት መጥቶ ነው ያልን ስንት ነን? እሱን የጠየቀ ጠቋሚ አላየሁም። የሚጠቆመው ጓዳ ነው።

ነጋዴ ሁሉ ጻድቅ ነው አላልኩህም። ጎረቤትህ ሚዛን እንደሚያጎድል አውቃለሁ፤ እኔንም አንዴ አጉድሎብኝ ሰድቤዋለሁ። ግን የዚህን ከተማ ጓዳ ሁሉ ብታራግፈው የአንድ ሳምንት ቀለብ አይወጣውም፤ ይህን አንተም ታውቀዋለህ፣ ቀበሌውም ያውቀዋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አዋጁ ጤፍ እንዲረክስ የታወጀ አይደለም። አንተ ነጋዴውን፣ ነጋዴው ደላላውን፣ ደላላው ገበሬውን ስትጠራጠሩ፣ ሜዳው መካከል ያለውን የሚመታ እንዳይኖር ነው። መጠርጠርህን አልጠላሁትም፤ ጠርጥር! ግን ቁልፉ በእጁ ካለው ሰው ጀምር።

ምነው ዝም አልክ?

ቀና በል እስቲ። ልጠቁም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እስካሁን ይከራከረኝ ነበር። «ልጆቼስ ምን ይብሉ?» ይለኝ ነበር። አንተ ግን ከአበልጁ ጀምሮ ዓይንህን ከመሬት አላነሣህም።

ጠቁመሃል።

መቼ? ትናንት? እና መቼ ይመጣሉ? ነገ ጠዋት! ወይኔ ደርበው! ታዲያ እኔ ዘንድ ምን አመጣህ? ምክር አልፈለግህም፤ ደግ አደረግህ እንድልህ ነው የመጣኸው። አልልህም። እናትህ በሕይወት ብትኖር እሷም አትልህም።

አታልቅስ፣ የማልቀስ ሰዓት አይደለም። ርቦሃል፣ አውቃለሁ፤ ያም ሰው ርቦት ነበር። ተነሥና በሩን አንኳኳ፤ «እኔ ነኝ፣ ነገ ይመጡብሃል» በለው። ይሰድብሃል፤ ተሰደብ። ይመታህም ይሆናል፤ ቁምለት። ያኛው ሰውዬ ወደ ጎረቤቱ የሄደው ገንፎው ከተበላ በኋላ ነው። አንተ እስከ ጠዋት ጊዜ አለህ። ሂድ ልጄ፣ ቅደማቸው።